ስም ያልያዘው የውሃ ተራ

ሽማግሌዎቹ አንፈልግሽም ያሉኝ ፊት ለፊት ነው። «ልጅቷ ትውጣ፤ ልጁ ይቅር» አሉ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ልጁ ደግሞ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ የተማረ፣ ሙቀቱን እየተራገመ እዚሁ የቀረ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከጋሞኛ የሚያውቀው ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ ነው። የተመረጠውም በዚሁ አለማወቁ ነበር።

ሁለታችን ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሶፍትዌር እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ ከታች የጎማ መዶሻ ይደበደባል፤ እኛ ከላይ ኪቦርድ እንደበድባለን። ከሥራዎቻችን አንዱ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ለሚያለሙ ገበሬዎች የሠራነው የውሃ ተራ ፕሮግራም ነው። ወንዙ ሲጎድል ቦዩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጠጣት ስለማይችል ገበሬዎቹ ተራ ይይዛሉ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ማሳ ተራ መዝግቦ ለባለቤቱ በስልኩ አጭር መልእክት ይልካል። ለውሃ አባት፣ ማለትም የቦዩን በር ለሚከፍተውና ለሚዘጋው ሰው፣ ሙሉውን ቅደም ተከተል ይልክለታል። ቀላል ሥራ ነው። ቀላል ያልሆነው ውሃው ነው።

በዚያ በጋ የማኅበሩ ኮሚቴ ተራውን በመሃል ለወጠው። ለምን እንደለወጠው እስከዛሬ በቅጡ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ብቻ ከበሩ አጠገብ ማሳ ያላቸው የላይኞቹ «ተዘረፍን» አሉ፤ ከቦዩ ጫፍ ያሉት የታችኞቹ «ስንዘረፍ የኖርነው እኛ ነን» አሉ። አንድ ማለዳ የሁለቱም ወገን ወጣቶች በሩ ላይ ተገናኝተው አካፋ ተማዘዙ። አንድ የታችኞቹ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ጉዳዩ ከኮሚቴው እጅ ወጥቶ ሽማግሌዎች እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ከደጋው፣ ከገረሴ ድረስ ወርደው ነው የመጡት፤ እነሱ ሲመጡ ነገሩ የምር መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የእኛ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ መጀመሪያ ማን መታ ብለው አይጀምሩም። «ከጠቡ በፊት ወደነበረው ቀን እንመለስ» ይላሉ። ከዚያ ቀን ተነስተው ወደፊት ይሠራሉ። እርቁ የሚወርድበትን ሜዳ ዱቡሻ እንለዋለን፤ እዚያ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ሲያበቁ ርጥብ ሣር ይዘው ይመርቃሉ። ሣሩ ከተያዘ በኋላ ማን ምን አለ፣ ማን ለማን ለቀቀ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ነውር ብቻም አይደለም፤ የተኛውን ጠብ ቀስቅሶ ማስነሳት ነው። ሽማግሌዎቹ ስለተቋጨ ነገር ስትጠይቃቸው እንዳልሰሙ ሆነው ስለ ዝናብ ያወሩሃል።

በዚያ ላይ ይህን እርቅ ከሌላው የሚለየው ነገር ነበር። «ገበሬዎቹ አዲሱን ተራ ከአፋችን አይስሙት» አሉ ሽማግሌዎቹ። እዚያው ሜዳ ላይ ከተነገረ አንዱ ፊቱን ያጠቁራል፣ ሌላው ያየዋል፣ ነገር ይጀመራል። ስለዚህ ለሁሉም በአንድ ሰዓት በስልኩ ይድረሰው፤ እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ ያንብበው፤ የሚናደድም ቤቱ ይናደድ። ሽማግሌ ቴክኖሎጂ ይፈራል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

እኔ እንድወጣ የተፈለገው አባቴ ከላይኞቹ አንዱ በመሆኑ ነው። ማሳው ከበሩ ብዙም አይርቅም። ትልቁ ሽማግሌ ባልደረባዬም እንዲሰማ ብለው በአማርኛ ነገሩኝ። አማርኛቸው ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ሴት መሆኔን እያዩ «አንተ» ይሉኛል። «አንተ ጎበዝ ነህ፣ እናውቃለን» አሉኝ፤ «ግን አባትህ ውሃ ይፈልጋል። አንተ ካየህ ሰው ያማሃል።»

ነገሩ ገብቶኛል። እኔ ግን ነገር ሲገባኝም መናደዴን የማልተው ሰው ነኝ። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የጻፍኩት እኔ ሆኜ፣ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዝንብ እያባረርኩ ዋልኩ። ባልደረባዬ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጧል። ትልቁ ሽማግሌ ከሌሎቹ ጋር በጋሞኛ ይማከራሉ፤ ከዚያ ወደሱ ዞረው የማሳውን ቁጥርና ተራውን ብቻ በአማርኛ ይነግሩታል። እሱ ይጽፋል። ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም። ሲመሽ መጣና «አለቀ» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«እንዳልነግርሽ ነግረውኛል።»

በባጃጅ ወደ ከተማ ስንመለስ አላናገርኩትም። አባቴ አሮጌውን ሙዝ ነቅሎ አዲስ ችግኝ የተከለው በዚያው ሰሞን ነበር። ሥሩ ገና መሬት አልያዘም፤ የቅጠሉ ጫፍ መጠውለግ ጀምሯል። ቶሎ ውሃ ካላገኘ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ነገር እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ተራው ስንተኛ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የሚያውቀው አጠገቤ ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ያያል።

በማግስቱ መልእክቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መላክ ነበረበት። በሩ የሚከፈተው በነጋታው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለቱም ወገኖች እስከዚያ ድረስ ወደ ቦዩ ላለመድረስ ቃል ገብተዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ካልመጣ ያ ቃል እስከ መቼ እንደሚጸና ማንም አያውቅም። ልጃቸው ክንዱ የተሰበረባቸው ሰዎች ዝም ያሉት ሽማግሌ ስላከበሩ እንጂ ስለረሱ አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ባልደረባዬ «ነይ እስቲ» አለኝ። ተነሳሁ። ወዲያው «አይ፣ ተይው» አለ። «ነይ» ብሎ «ተይው» የሚል ሰው ደግ ነገር አላየም።

«ምንድን ነው?»

«ምንም። ወደ ሰርቨሩ ልኬዋለሁ። ሁሉም ወቅታዊ ነው ብሎኛል። ግን…» ስክሪኑን ከእኔ ወዲያ አዞረ። «ግን ሲከፈት የሚያመጣው የኮሚቴውን ተራ ነው። ያንን ያጣላቸውን።»

«የትናንቱስ?» አልኩት።

«የለም።»

እዚህ ላይ ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ልግለጸው። ጊት የምንለው ፕሮግራም የምንሠራውን ነገር ታሪክ ይይዛል። አንድ ደረጃ ላይ ስንደርስ «ይህን ያዝልኝ» እንለዋለን፤ የተያዘውን ኮሚት እንለዋለን። እያንዳንዱ ኮሚት ከሱ በፊት የነበረውን ያውቃል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣውን ግን አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ኮሚት ላይ አንድ ስም ይንጠለጠላል፤ ያ ስም ብራንች ይባላል። ስሙን ከያዝክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሳብክ ሁሉንም ታገኛለህ። በቀጥታ አንድ የድሮ ኮሚት ላይ ሄደህ ከቆምክ ግን ከማንኛውም ብራንች ተነጥለሃል። ሥራህን ትቀጥላለህ፣ ያዝልኝ ትለዋለህ፣ ይይዝልሃል፤ አንድም ቅር የሚል ነገር አይታይህም። ወደ ዋናው ብራንች ስትመለስ ያ ሁሉ ሥራ ከኋላህ ይቀራል፤ የሚጠራበት ስም የለውማ። ጊት መነጠልህን ስትገባም ይነግርሃል፣ ስትወጣም ትተኸው የምትሄደው ሥራ አለ ይልሃል። የሚነግርህ ግን በረጅም እንግሊዝኛ ነው፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ አያነበውም።

ባልደረባዬም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሽማግሌዎቹ «ከጠቡ በፊት ወደነበረው ቀን እንመለስ» አሉት፤ እሱም ቃል በቃል ተመለሰላቸው። ኮሚቴው ተራውን ከመለወጡ በፊት የነበረውን የአምናውን ኮሚት ከፈተና እዚያው ላይ ቆሞ እርቁን ጻፈ። ቢሮ ሲገባ ወደ ዋናው ብራንች ተመለሰ። ወደ ሰርቨር ላክልኝ ሲለው፣ ዋናው ብራንች ላይ አዲስ ነገር ስለሌለ ጊት «ሁሉም ወቅታዊ ነው» አለው። እሱም ሥራው የደረሰ መስሎት ሻይ ሊጠጣ ወረደ።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቆሜ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነው። እሱ ግን እጁ አላረፈም። «ፎልደሩ ተበላሽቶ ነው» አለ፤ «አጥፍቼው ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ላውርደው።»

«እጅህን አንሳ!»

ምን ያህል እንደጮህኩ ያወቅኩት ከታች የጎሚስታው መዶሻ ቀጥ ሲል ነው። ባልደረባዬ ሁለት እጁን እንደ ሌባ ወደ ላይ አነሳ። ከሰርቨሩ የሚወርደው ስም ያለው ነገር ብቻ ነው። የትናንቱ እርቅ ከነሕይወቱ ካለ፣ ያለው በዚያች ላፕቶፕ፣ በዚያ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነበር። ፎልደሩን ቢያጠፋው ሽማግሌ ፊት ቆመን «ጠፋብን፣ ድገሙልን» ማለት ነበር የሚቀረን። ያንን አረፍተ ነገር በሐሳቤ በጋሞኛ ለማዘጋጀት ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም።

«ልቀመጥ፤ አገኘዋለሁ» አልኩት።

«አይሆንም። ቃል ገብቻለሁ። አንቺ አታይም።»

«ታዲያ የት እንዳለ ታውቃለህ?»

ፊቱ አመድ መስሏል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልመታው ይዳዳኝ ነበር፤ በዚያችው ሰዓት ደግሞ ቃሉን ይዞ አልለቅም ማለቱን ወደድኩለት። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እቆማለሁ፤ ምን እንደሚጽፍ እነግረዋለሁ፤ እሱ የሚያየውን ያነብልኛል። ሁለት የተማሩ ሰዎች አንዱ በሌላው ጀርባ ኮምፒውተር ሲሠሩ ያየን ሰው ቢኖር ያበድን ይመስለው ነበር።

«ጊት ሪፍሎግ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ሪፍሎግ ጊት ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፤ ስም ያለውም የሌለውም ይሁን፣ የት የት እንደቆምክ ይይዛል። ለጊዜው ይይዛል እንጂ ለዘላለም አይደለም፤ ላፕቶፑ ላይ እንጂ ሰርቨሩ ላይም የለም።

ሲጽፍ ሰማሁ። ከታች አንድ ሰው ጎማ እየነፋ ነው።

«አለ» አለኝ። «አለ፣ አለ! ሁሉም አለ!»

«አትደሰት። አንብብልኝ።»

«ለውጥ። ከሱ በላይ፣ ለውጥ። ከሱ በላይ፣ ሌላ ለውጥ። ከዚያ የመጨረሻ። ከዚያ…» ቆመ። «ከዚያ ሙከራ ይላል።»

እያንዳንዱን ኮሚት ስንይዝ ምን እንደሆነ አጭር ነገር እንጽፍበታለን። ስንት ጊዜ «ሰው የሚገባው ነገር ጻፍ» ብዬዋለሁ! ከ«የመጨረሻ» በኋላ «ሙከራ» የሚባል ነገር ምን ማለት ነው? የትኛው ነው እርቁ?

«የመጨረሻ ያልኩት ይመስለኛል የመጨረሻው» አለ። «ሙከራው ምን እንደነበር… ቸኩዬ ነበር።»

«ሁለቱን አወዳድራቸው። ልዩነታቸው ብዙ ነው?»

ጻፈ። አነበበ። ያነበበውን ግን ለእኔ አላነበበልኝም።

«ብዙ ነው ወይ?» አልኩት።

«አንድ ማሳ ነው ቦታ የቀየረው። ሌላው ያው ነው።»

«የማን ማሳ?»

መንገድ ላይ አንዲት ሴት ማንጎ በሳፋ ተሸክማ ስታልፍ አይቻለሁ፤ የቀሚሷን ቀለም እስከዛሬ አስታውሳለሁ። ምክንያቱም የባልደረባዬ ዝምታ የማን ማሳ እንደሆነ የነገረኝ እሷ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ ነው። ዞርኩ። እሱም አልከለከለኝም።

«የመጨረሻ» በሚለው ውስጥ አባቴ ሁለተኛ ነው። «ሙከራ» በሚለው ውስጥ ከሁሉም በታች፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። ከቦዩ ጫፍ ካሉት ከታችኞቹ ሁሉ በኋላ። በዚያ በጋ መጨረሻ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልግም። ሁሉም ካጠጣ በኋላ ወንዙ የተረፈውን ትጠብቃለህ፤ ከተረፈ።

ደሜ ፈላ። «ማነው ያስቀየረው?» አልኩት።

ብዙ ጊዜ ቆይቶ ሳስበው፣ ያንን ጥያቄ ባልጠይቅ ይቻል ነበር። እሱ ራሱ «የመጨረሻ» የሚለው ይመስለኛል ብሏል። እሺ ብዬ ዝም ብል አባቴ ሁለተኛ ይሆናል፤ የሚዋሽም፣ የሚሰርቅም ሰው የለም። የጠየቅኩት ሐቀኛ ስለሆንኩ አልነበረም። የምናደድበትን ሰው ማወቅ ፈልጌ ነው።

ባልደረባዬ ግንባሩን እያሸ አስታወሰ። ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ተነስተዋል። «የመጨረሻ» ብሎ የያዘው ያኔ ነው። ሣር ለማምጣት ሲበተኑ ትልቁ ሽማግሌ ብቻቸውን ተመልሰው መጡና ጆሮው ሥር ጠጋ አሉ። የማሳውን ቁጥር ነገሩት። «ይሄን ወደ መጨረሻ አድርግ» አሉት። እሱም ቆሞ፣ ላፕቶፑን በክንዱ ደግፎ አስተካከለው። በኋላ እጠይቃለሁ ብሎ ሙከራ አለው። ከዚያ ምርቃቱ ተጀመረ፤ መጠየቅ አልቻለም።

«ብቻቸውን?» አልኩ።

«ብቻቸውን።»

ቁጭ አልኩ። ማንም ቁጭ በይ አላለኝም፤ እሱ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሐሳቤ ምን ያህል ፈጣን ጠበቃ እንደሆነ ያኔ አየሁት። እርቅ የጉባኤ ነው፤ ጉባኤው ተነስቷል። አንድ ሰው ከኋላ ተመልሶ በጆሮ የሚያስገባው ነገር እርቅ አይደለም፣ ሴራ ነው። ኮሚቴው ያደረገውስ ከዚህ በምን ይለያል? ትክክለኛው «የመጨረሻ» ነው። ለአባቴ ብዬ አይደለም፤ ለእውነት ብዬ ነው። እንዲህ እያልኩ ለኮሚት የብራንች ስም የሚሰጠውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ከፊቱ ጊት ለ«የመጨረሻ» የሰጠውን መለያ ቁጥር አስገባሁ። የቀረኝ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው።

«እኔ አንቺ ያልሽውን እልካለሁ» አለ ባልደረባዬ፣ ቀስ ብሎ። ከጀርባዬ ቆሟል።

የአባቴ ችግኞች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ለምን ወዲያው እንዳልተጫንኩት አላውቅም። ጠበቃው በጣም ስላማረበት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ልክ እንደምፈልገው የሚናገርልኝን ሰው አላምንም።

ስልኩ ጠራ። የባልደረባዬ ነው፤ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። ድምጽ ማጉያው ላይ አደረገው።

«ሰላም ነህ ልጄ? ተላከ ወይ?»

ባልደረባዬ አየኝ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩትና በጋሞኛ ተናገርኩ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረስኩም። «አባባ፣ ከተነሳችሁ በኋላ ተመልሰው ያስገቡት ነገር የሁላችሁም ነው ወይስ የእርስዎ ብቻ?»

ይህን መጠየቄ ተራውን አይቻለሁ ማለቴ ነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሣሩ ከተያዘ በኋላ እየጠየቅኩ መሆኔንም ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ብልግና በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ስለ ዝናብም ያወሩኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«የሁላችንም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተነጋግረንበታል። አንድም ሰው ሳይቀር። ላኪው፣ ልጄ።» ዘጉት።

የጻፍኩትን መለያ ቁጥር አጠፋሁ። የ«ሙከራ»ን አስገባሁ። እርቅ የሚል ስም ሰጠሁት፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ከዚያ የተራውን ፋይል ከሱ ወስጄ ወደ ዋናው ብራንች አስገባሁና ወንበሩን ለባልደረባዬ ለቀቅኩለት። የመላኪያውን ቁልፍ የተጫነው እሱ ነው። መልእክቶቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። የአባቴ ቁጥር ሲያልፍ አየሁት። ባልደረባዬ ትከሻዬን ሊነካኝ እጁን ዘረጋና ሐሳቡን ለወጠ። ጥሩ አደረገ።

የዚያን ቀን ማታ ለአባቴ አልደወልኩም። እሱም አልደወለም። ምን ብዬ እጀምራለሁ? በገዛ እጄ ከሁሉም በታች አስቀምጬዋለሁ፤ ለማን ብዬ እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ሽማግሌውን በልቤ ስሰድብ አመሸሁ። ከላይኞቹ ሁሉ አባቴን የመረጡት ስለማይከራከር ነው አልኩ። ዝምተኛ ሰው ሁልጊዜ የሚገፋ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኩልፎ ወረድኩ። በሩ በሰላም ተከፍቷል። የታችኞቹ አንዱ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከላይኞቹ አንዱ ጋር እየሳቀ ሲሄድ አየሁ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አናደደኝ። ውሃው በአባቴ ማሳ ጥግ በኩል ያልፋል፤ ወደሱ የሚወስደው መግቢያ ግን በጭቃ ተደፍኗል። አባቴ ቦዩ ዳር ተቀምጦ የሰው ውሃ ሲያልፍ ያያል። ችግኞቹ ከኋላው ራሳቸውን ደፍተዋል።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። የወጣው ሌላ ነው። «እንዴት ዝም ትላለህ?» አልኩት። «መጨረሻ አደረጉህ እኮ! ሁለተኛ ነበርክ፣ አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ሽማግሌው ብቻውን መጥቶ ነው የቀየረው። ሄደህ ለምን አትጠይቅም?»

«ቀስ በይ» አለኝ። ወዲያና ወዲህ አየ። በአጠገባችን ሰው አልነበረም። «ከጉባኤው ሲነሱ ወደሳቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«መጨረሻ አድርጉኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳይነግሩም ለምኛቸዋለሁ።»

ለካ ሽማግሌው በስልክ «የሁላችንም ነው» ያሉኝ የአባቴን ምስጢር ሲጠብቁ ነው። «ለምን?» አልኩት።

«ማሽኑ የማን ነው?» አለኝ። «የአንቺ ነው። አንቺን አስወጥተው ልጁን አስቀመጡ፣ ጥሩ። ሰው ግን ያንን አያይም። እኔ ሁለተኛ ሆኜ ሳጠጣ ያየኝ ሰው ልጁ ናት የመራችለት ይላል። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ወንድሞች አሉት፤ እነሱ አምተው ብቻ አይተዉሽም። በዚህ መንገድ ነው ስትመጪ ስትሄጂ የምትውዪው። እኔ መጨረሻ ከሆንኩ ማን ምን ይልሻል?»

ትናንት ጣቴ የት ላይ እንደነበር አልነገርኩትም። ብጫነው ኖሮ አባቴ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ሆኖ ያጠጣ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓይንም እኔ ላይ ያመጣው የኔው ጣት ይሆን ነበር። ንዴቴ የሚወድቅበት ቦታ አጣ። ወደ ችግኞቹ ዞርኩ።

«እነዚህስ?» አልኩት።

እሱም ዞሮ አያቸው። ለእያንዳንዳቸው ጉድጓዱን የቆፈረው በገዛ እጁ ነው።

«አንዳንዱ ይሞታል» አለ። «ሙዝ ነው፤ እንደገና ይተከላል።»

አጠገቡ ቦታ አሰፋልኝ። ተራችን እስኪደርስ አብሬው ተቀመጥኩ።